አንድ መስመር፣ ብዙ ተጠቃሚ፦ በጋራ ኢንተርኔት ላይ ፋየርዎል እንዴት ይተከላል?

ወጪ ለመቀነስ አንድ የኢንተርኔት መስመር ለሦስትና ለአራት ቤት ማካፈል የተለመደ ነው። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከዚህ መካፈል ጋር አብሮ የሚመጣውን አደጋ እና እሱን ለመቀነስ የሚያስፈልገውን ቀላል መከላከያ ነው።

ለምሳሌ ያህል ዲላ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ሕንፃ እናስብ። ምድር ላይ ለተማሪዎች ወረቀት የሚያትም ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ ከጎኑ የቡና ነጋዴ ቢሮ፤ ፎቁ ላይ ደግሞ የመድረሳ ጽሕፈት ቤት። መስመሩ የወጣው በመድረሳው ኮሚቴ ሰብሳቢ ስም ነው፤ ክፍያውን ሦስቱም ይካፈላሉ። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ለሁሉም ተነግሯል፤ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ደንበኞች ጭምር።

እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ነገር አደጋ ላይ ነው። አንደኛው ሰነድ ነው። የነጋዴው ኮምፒውተር የገዢና የሻጭ ሒሳብ ይዟል፤ የመድረሳው ደግሞ የልጆች ስም ዝርዝርና የሰደቃ መዝገብ፤ ሰዎች አምነው የሰጡት አማና ነው። ሁለተኛው ስም ነው። ራውተር በውስጥ ያሉትን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሁሉ በአንድ አድራሻ ስር አድርጎ ወደ ውጭ ያወጣቸዋል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ነጋዴውም፣ የመድረሳው ጸሐፊም፣ ዋይፋዩን ለአምስት ደቂቃ የተጠቀመው መንገደኛም አንድ ናቸው። አንድ ሰው በዚያ መስመር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚከለክለውን ድርጊት ቢፈጽም፣ ጥያቄው መጀመሪያ የሚሄደው መስመሩ በስሙ ወዳለው ሰው ነው።

ፋየርዎል ምን እንደሚሠራ ለመረዳት ለጌዴኦ ሰው ኬላን ማሰብ ይበቃል። ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ኬላ ላይ ይቆማል። የኬላው ሰው ቡናውን አይቀምስም፤ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ መሸኛህ የታል ብሎ ይጠይቃል። መረጃም በኢንተርኔት ላይ የሚጓዘው ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ነው። በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ፣ እንዲሁም ፖርት የሚባል የበር ቁጥር አለ። 443 ለድረ ገጽ፣ 53 የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ ለመፍታት፣ 25 በኢሜይል ሰርቨሮች መካከል ለሚደረግ መላላክ ያገለግላሉ። ፋየርዎል እነዚህን አይቶ ያሳልፋል ወይም ይጥላል። በዚያ ላይ የወጣውን ያስታውሳል፤ እናንተ ጠይቃችሁ የመጣን መልስ ያስገባል፣ ሳይጠራ የመጣን ይመልሳል።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ግን ሌላ ነው። ኬላ የሚቆመው መንገድ ላይ ነው፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄደውን አያይም። ፎቶ ኮፒ ቤቱና መድረሳው በአንድ ኔትወርክ ላይ ካሉ፣ በመካከላቸው የሚያልፈው ነገር ፋየርዎሉ ጋ ሳይደርስ ነው የሚያልፈው። የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ደግሞ በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካበት ታውቃላችሁ። በግንቦት 2009 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒውተሮችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተዛመተው ዊንዶውስ ፋይል በሚጋራበት በ445 ፖርት በኩል ነበር። ማንም ምንም መጫን አላስፈለገውም። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር፤ የተጎዱት ያልጫኑት ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። ለመድረሳው አንድ ኔትወርክ፣ ለነጋዴው ሌላ፣ ለፎቶ ኮፒ ቤቱና ለእንግዳ ሦስተኛ። ለምሳሌ 192.168.10፣ 192.168.20 እና 192.168.30 ብሎ መክፈል ይቻላል። ይህንን እንደ ማይክሮቲክ ያሉ ትናንሽ ራውተሮች ወይም ኦፕንደብልዩአርቲ የተጫነባቸው ራውተሮች ይሠራሉ። ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ጭኖም ይቻላል፤ ነገር ግን መብራት በሚመላለስበት ከተማ በትንሽ ባትሪ የሚቆይ ራውተር ይሻላል እንላለን። ከቴሌኮሙ የመጣው ራውተር ብቻ ካላችሁ ደግሞ የእንግዳ ዋይፋይ የሚል ምርጫ እንዳለው እዩ። እሱን መክፈት ብቻ ከምንም ይሻላል።

ከዚያ በፊት ግን የራውተሩን የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል ቀይሩ። ሚራይ የተባለው ፕሮግራም በ2009 መጀመሪያ በብዙ መቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው በረቀቀ ዘዴ አልነበረም፤ ከፋብሪካ የመጡ 60 ያህል የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ነው። ከውጭ ሆኖ ራውተሩን ማስተዳደር የሚያስችለውንና ዩፒኤንፒ የሚባለውንም አጥፉ።

አሁን ወደ ሕጎቹ። ፋየርዎል ሕጎቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል፤ መጀመሪያ የገጠመው ሕግ ይፈርዳል። ወደ ራውተሩ ራሱ የሚመጣውን በተመለከተ፦ አስቀድሞ ለተጀመረ ግንኙነት የመጣ መልስ ይግባ፤ የተበላሸ ፓኬት ይጣል፤ ከመድረሳው ኔትወርክ ብቻ አስተዳዳሪው ይግባ፤ ከሦስቱም ኔትወርኮች በ53 እና በ67 ፖርት የሚመጣ ጥያቄ ይፈቀድ፣ አለበለዚያ ስልኮቹ አድራሻ አያገኙም፤ የቀረው ሁሉ ይጣል። በራውተሩ በኩል ለሚያልፈው ደግሞ ከመልሱና ከተበላሸው ቀጥሎ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚሄድ ይጣል የሚለው ይምጣ። ከዚያ ወደ ውጭ በ25 እና በ445 የሚወጣ ይከልከል፤ ቫይረስ የያዘው ኮምፒውተር በእናንተ አድራሻ የማጭበርበሪያ ኢሜይል እንዳይበትን ነው። ቀጥሎ ከውስጥ ወደ ኢንተርኔት የሚሄድ ይፈቀድ፤ በመጨረሻም የቀረው ሁሉ ይጣል። ከውስጥ የሚመጣ ሁሉ ይለፍ የሚለውን ከላይ ያስቀመጠ ሰው ከሥሩ የጻፈው ክልከላ አንድም ቀን አይሠራለትም። መስመራችሁ አይፒ ስሪት 6 የሚሰጥ ከሆነ፣ ያንኑ ሕግ ለእሱም መጻፍ እንደሚያስፈልግ አትርሱ።

ሕግ ስትጽፉ ራሳችሁን ከውጭ ቆልፋችሁ እንዳትቀሩ በገመድ ተገናኝታችሁ ሥሩ። ማይክሮቲክ ላይ ሴፍ ሞድ የሚባል አለ፤ ግንኙነታችሁ ከተቋረጠ የጻፋችሁትን ይመልሰዋል። ሲያልቅ በስልክ የእንግዳውን ዋይፋይ ያዙና የራውተሩን መግቢያ ገጽ፣ ቀጥሎም የመድረሳውን ፕሪንተር ለመክፈት ሞክሩ። ሁለቱም እምቢ ማለት አለባቸው። በመጨረሻ ራውተሩን ከመብራት ነቅላችሁ መልሱና ሙከራውን ድገሙት። በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ በትእዛዝ የተጻፈ ሕግ በፋይል ካልተቀመጠና ሲነሳ እንዲጫን ካልተደረገ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ኢንተርኔቱ እንደ ልማዱ ስለሚሠራም ማንም አያስተውልም። ማይክሮቲክ ግን በራሱ ያስቀምጠዋል።

ልጆች በሚጠቀሙበት ኔትወርክ ላይ ጸያፍ ድረ ገጾችን መከልከል ይቻል እንደሆነ የሚጠይቅ ይኖራል። በከፊል ይቻላል። የስም ፈቺውን አድራሻ 1.1.1.3 ብታደርጉት፣ ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ ብዙዎቹን ጸያፍና ቫይረስ አዘል ድረ ገጾች ሳይፈታ ይመልሳል፤ አገልግሎቱ በነፃ ነው። በ53 የሚወጣ ሌላ ጥያቄ ሁሉ ወደዚያው እንዲዞር አንድ ሕግ ጨምሩ። ቪፒኤን የጫነ ወይም በራሱ ሲም ዳታ የሚጠቀም ልጅ ግን ያልፈዋል፤ አንዳንድ ብራውዘርም ጥያቄውን በ443 ውስጥ ደብቆ ይልካል። የወላጅና የኡስታዝ ክትትልን የሚተካ አይደለም። እንደዚሁም ደውሎ የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅን አጭበርባሪ ፋየርዎል አያስቆመውም።

ይርጋጨፌ ወይም ወናጎ ላይ በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር የምትጋሩም ያው ሕግ ይሠራላችኋል። ኢንተርኔቱን ለሌላ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዚያ በፊት የአገልግሎት ውላችሁን አንብቡ።

የጻፋችሁትን የሕግ ዝርዝርና የአስተዳዳሪውን ይለፍ ቃል በወረቀት አድርጋችሁ በፖስታ አሽጉና ከኮሚቴው ማኅተም ጋር አስቀምጡት። ኮሚቴው ሲቀየር በርክክቡ ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ፤ አዲሱ ተረካቢም በዚያው ቀን ይለፍ ቃሉን ይቀይር።