አሣን በሳሎን ከማኖራችሁ በፊት

ቤት ማሳመር ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ መጋረጃው፣ ስለ ሶፋው ልብስና ስለ ግድግዳው ቀለም ነው። በሆቴል አዳራሽ ወይም በዘመድ ቤት የመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኙ አሣዎችን ያዩ ልጆች ግን «ለእኛም ይገዛልን» ማለታቸው አይቀርም። እናትም ሐሳቡን ብትወደው አያስደንቅም። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ውላ፣ ወይም በኦቶና ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ለምትመለስ ሴት ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ አሣ መመልከት ዕረፍት ነው። ሆኖም አሣ ከነፍስ የተቆጠረ ፍጡር በመሆኑ እንደ አበባ ማስቀመጫ ገዝተው የሚያስቀምጡት ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ ከግዢ በፊት ስለሚደረገው እቅድ ነው። ለምሳሌነትም ወላይታ ሶዶን መርጠናል። የቦታው ከፍታ፣ የአየሩ ቅዝቃዜና የአፈሩ ዓይነት በእቅዱ ላይ ለውጥ ያመጣልና።

በዓለም ዙሪያ አሣን በቤት የሚያኖሩ ሰዎች በእጅጉ ከሚወዷቸው አሠራሮች አንዱ የአማዞን ዓይነት የሚባለው ነው። ይኸውም ከደቡብ አሜሪካው ታላቅ ወንዝ ተፋሰስ የመጡ ትንንሽ አሣዎችን፣ በዚያው አገር ከሚበቅሉ የውሃ ተክሎች፣ ከእንጨትና ከደረቀ ቅጠል ጋር ተስማምተው እንዲኖሩ አንድ ላይ ማኖር ማለት ነው። ተክሉ የአሣውን ቆሻሻ ይመገባል፣ በብርሃን ጊዜም ለውሃው ኦክስጅን ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ውሃውን የሚያመላልሰው ማነው? 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ መጀመሪያ ሲሞላ አምስት ጀሪካን ውሃ ይፈልጋል። ከዚያም በየሳምንቱ 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ያህል ተቀድቶ በአዲስ ይተካል። በሰፈራችሁ ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነና የመጣውም ለምግብና ለልብስ የማይበቃ ከሆነ፣ ሳንሸፋፍን እንናገር፦ ገንዳው ይቅርባችሁ። ውሃ የሚበቃችሁ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ባልና ልጆች ተሰብስበው ሥራውን ይከፋፈሉ። አባት ውሃውን ይለውጥ፣ ትልቁ ልጅ መስታወቱን ይጥረግ፣ ትንሿ ልጅ ታብላ። ይህ ሳይሆን ቀርቶ «ለልጆቹ» ተብሎ የተገዛው ገንዳ በሁለተኛው ወር የእናት ተጨማሪ ሥራ ከሆነ ዕረፍትነቱ ምኑ ላይ ነው? ከገንዳው የሚቀዳው አሮጌ ውሃ ግን እንዳይደፋ። ለተክል ምግብ የሚሆን ነገር ስላለበት ለጎመን መደብ እጅግ ተስማሚ ነው።

ገንዳውን መስታወት ቆራጭ ሊሠራላችሁ ይችላል። ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከ8 ሚሊ ሜትር መስታወት ቢሠራና ከአፉ ጥቂት ጎደል አድርገው ቢሞሉት 100 ሊትር ያህል ይይዛል። ማጣበቂያው ሲሊኮን የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት የሌለበት መሆን አለበት። ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ የሚሸጠው አሣ ይገድላል። ከተጣበቀ በኋላ አንድ ሳምንት ይቆይና በውሃ ይፈተሽ። ውሃው፣ አሸዋውና መስታወቱ ሲደመሩ ክብደቱ ወደ አንድ ኩንታል ተኩል ስለሚጠጋ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም፤ ጠንካራ የብረት መቆሚያ አሠሩለት። ቀጥታ ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮትም አርቁት፤ አለበለዚያ ውሃው በአረንጓዴ ዝቃጭ ይሞላል።

አፈሩን በተመለከተ የወላይታ ሰው ዕድለኛ ነው። ለእነዚህ ተክሎች ሥር ጥሩ ሆኖ የተገኘው ብረት ያለበት ቀይ ሸክላማ አፈር ነው፤ እርሱ ደግሞ በሶዶ ዙሪያ ሞልቷል። ማዳበሪያ፣ ፍግና ፀረ ተባይ ያልነካውን መርጣችሁ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ከታች አንጥፉ። በላዩ አምስት ሳንቲ ሜትር የታጠበ የወንዝ አሸዋ አልብሱት። አሸዋው ላይ ኮምጣጤ ጠብ ስታደርጉ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ሌላ ፈልጉ። ከተክሎቹ መካከል የታወቀው የአማዞን ሰይፍ የሚባለው ቅጠለ ረጅም ነው። እርሱ ካልተገኘ አንድ ነገር እንንገራችሁ፦ ስኳር ድንችም አገሩ አሜሪካ ነው። ከጓሮ የሐረጉን ቁራጭ አምጥታችሁ ሥሩ ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ ከውሃ በላይ እንዲሆን በገንዳው ጠርዝ ብታስሩት ቶሎ ሥር ይሰድና ውሃውን ያጠራል። ካሳቫም መጀመሪያ በሰው እጅ የለማው በአማዞን ተፋሰስ ደቡባዊ ክፍል እንደሆነ ይታወቃል። እርሱን ግን ወደ ገንዳው አታስጠጉ፤ ለምግብም ቢሆን በአግባቡ ካልተዘጋጀ የሚመርዝ ሳያናይድ የሚያወጣ ተክል ነውና።

ስለ ውሃው ዓይነት ጥቂት እንበል። ከአማዞን ገባሮች አንዱ የሆነው ሪዮ ኔግሮ፣ ትርጉሙ ጥቁር ወንዝ ማለት ሲሆን፣ ቅጠል ስለሚዘፈዘፍበት መልኩ ጠቆር ያለ ሻይ ይመስላል። ከአባያ ሐይቅ ቅላት ጋር እንዳታመሳስሉት። የአባያ ቅላት ጎርፍ ያመጣው ደለል ነው። የአማዞን ውሃ ኖራና ጨው እጅግ ያነሰው ለስላሳ ውሃ ሲሆን፣ በእኛ አገር ለዚያ የሚቀርበው የዝናብ ውሃ ነው። ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣሪያውን አጥበው ካለፉ ወዲያ፣ አዲስ ካልሆነ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን አጠራቅሙና ከቧንቧው ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉት። በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውሃ አፉ በተከፈተ ዕቃ አንድ ቀን ሙሉ ማደር አለበት። በዕቃው ላይ ግን ሻሽ ወይም የአጎበር ቁራጭ አልብሱት። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በቀብሪ ደሀር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በከተማ የምትራባው በእንዲህ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ገንዳው ውስጥ አሣ ከገባ በኋላ የትንኝ እጭ ቢገኝ አሣው ራሱ ይበላዋል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በትዕግሥት ላይ ነው። ገንዳው በተሞላ ማግስት አሣ ገዝቶ ይጨምርና በሳምንቱ ሞቶ ያገኘዋል፤ ልጆቹም ያለቅሳሉ። ምክንያቱ በሽታ አይደለም። ከአሣ ገላና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፤ ሽንት ቤት ሲሸት የሚሰነፍጠው ማለት ነው። ይህ መርዝ ነው። በአሸዋውና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ቀስ በቀስ የሚበዙ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ይህም ገና መርዝ ነው። ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት በመጠኑ ለአሣ ጉዳት የሌለው፣ ለተክል ግን ምግብ ነው። እነዚህ ተህዋስያን በበቂ ቁጥር እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ገንዳው ከተክሉ በቀር ባዶ ሆኖ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የአሣ ምግብ ይጣልበታል፤ ተህዋስያኑ የሚመገቡት ከዚያ ነው። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ ይጨመቅ። በኦሞ ያጠበው ሰው የስድስት ሳምንት ሥራውን በአንድ ጊዜ አጥቦ ደፋው ማለት ነው።

የአሣው ምርጫ ከአየሩ ጋር ይሂድ። ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በዚህ ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በውጭ አገር መጽሐፍ «ለ100 ሊትር ይህን ያህል አሣ» ተብሎ የተጻፈውን ቀነስ አድርጋችሁ አንብቡ የምንለው ስለዚህ ነው። ለእኛ ተስማሚ የሚሆነው ኒዮን ቴትራ ነው። በጎኑ እንደ መብራት የሚያበራ ሰማያዊ መሥመር ያለው፣ በመንጋ የሚኖር፣ በ23 ወይም በ24 ዲግሪ የሚደላው ትንሽ አሣ ነው። ዘመዱ ካርዲናል ቴትራ ይበልጥ ያማረ ቢሆንም የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ከታች አሸዋውን እየጫረ የሚበላ ኮሪዶራስ ይጨመርበት። የእኛ አምባዛ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ጺም አለው፣ እንደ አምባዛም ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር መጉረስ ይችላል። ስድስት ኮሪዶራስና አሥር ኒዮን ይበቃል። መልአክ አሣ የሚባለውን በመልኩ ተታላችሁ አትጨምሩ፤ ሲያድግ ኒዮኖቹን ይውጣቸዋል። ከአባያ የተገኘ የቆሮሶ ጫጩትም አይሆንም፤ ተክሉን ነቅሎ ይበላና ገንዳው ይጠበዋል።

መብራት ሲጠፋ ማጣሪያውም ማሞቂያውም ይቆማል። ያን ጊዜ ምግብ አትስጡ፤ ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ በየግማሽ ሰዓቱም ከውሃው በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት፣ አየር ይገባዋል። እጃችሁን ወደ ውሃው ከመክተታችሁ በፊት የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን ሁሉ ከሶኬት ንቀሉ። ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል አድርጉ፤ ጠብታ ቢወርድበት መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ውሃውን በጎማ ስትቀዱ በአፍ አትሳቡ፤ እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው አይንካው፤ የነካም በሳሙና ይታጠብ። ምግብ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ ነው። የእንጀራ ፍርፋሪ ለዶሮ ይሁን።

አንድ ከባድ ጉዳይ ቀርቷል። እምቦጭን የማያውቅ የለም። ይህ አረም አገሩ የአማዞን ተፋሰስ ሲሆን፣ በአበባው ውበት ምክንያት ለጌጥ ተብሎ ከአገር ወደ አገር የተዛመተ ነው። በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ገደማ በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በ2004 ዓ.ም. ጣናን ያዘ፤ አባያም ላይ ተገኝቷል። ገበሬና አሣ አጥማጅ ምን ያህል እንደተጎዳበት ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከገንዳው የሚነቀል ተክል በፀሐይ ደርቆ ይቃጠል እንጂ ወደ ቦይ አይጣል። የሰለቻችሁን አሣም ለሌላ ቤተሰብ ወይም ለትምህርት ቤት ስጡ። ወደ ብላቴ ወንዝ የተለቀቀ የሚሄደው ወደ አባያ ነው።

አሣውን ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን አስቡ። ሻጩ ከዋዜማው ጀምሮ አያብላው፤ ከፕላስቲክ ከረጢቱ አንድ ሦስተኛው ውሃ፣ የቀረው አየር ይሁን፤ ከረጢቱም በጨርቅ ተጠቅልሎ በካርቶን ይግባ። መጀመሪያ ኮሪዶራሶቹ ይምጡ፣ ኒዮኖቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ቤት ሲደርሱ ከረጢቱን ሳትፈቱ ለ20 ደቂቃ በገንዳው ላይ አንሳፉት፤ ከዚያ ከገንዳው ውሃ ጥቂት በጥቂት ጨምሩበትና አሣዎቹን ብቻ በመረብ አውጥታችሁ ልቀቁ። የከረጢቱ ውሃ ገንዳው ውስጥ አይግባ፤ ጎመኑ ሥር ይደፋ። በዚያ ምሽት መብራቱን አታብሩ። ልጆቹ እንደምንም እስከ ጠዋት ይታገሱ።