ባሕር ለናፈቀን የደሴ ተማሪዎች

የዕረፍት ጊዜ በደረሰ ቁጥር ከመካከላችን አንዱ የሜዲትራኒያንን የመዝናኛ ከተሞች በሥዕል አይቶ «ምነው እዚያ በሆንን!» ማለቱ አይቀርም። ቀድሞ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል እስከ አሰብ ወደብ በመኪና ይወረድ ነበር፤ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች ወዲህ ግን ባሕሩ የሌላ አገር ሆኗል።

ሆኖም ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ ሐይቅ ከተማን እናገኛለን። «ሐይቅ» በግዕዝ የባሕር ዳር ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን የውሃው መጠሪያ ሆኗል። በዳርቻው ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተምሩበት የነበረ ታላቅ ትምህርት ቤት ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ተምረውበታል። ስለዚህ ወደዚያ መሄዳችን ከእኛ የቀደሙትን ተማሪዎች መጠየቅ ነው። እኅቶቻችን ግን ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት እንደማይገባ አስቀድመው ይወቁ።

ገዳሙ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል። ሐይቁም ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ የጣልንበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ጠርሙሳችንንና ፌስታላችንን ይዘን እንመለስ፤ ከኋላችን የሚመጡትም ባሕር ይናፍቃቸዋልና።