ውድ የእጅ ሰዓት ከውጭ አገር ከመግዛት በፊት፦ ልኩ፣ ቀኑና ወረቀቱ

የቡና ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ወይም በዱባይና በአውሮፓ የሚኖር ልጅ «ምን ልግዛላችሁ?» ብሎ ሲደውል፣ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በያዮ ያለ አባወራ የሚመኘው አንድ ጥሩ የእጅ ሰዓት ሊሆን ይችላል። የአንዳንዱ ሰዓት ዋጋ ግን ከዓመት የቡና ገቢ የሚበልጥ ነው። በዚህ ዋጋ የተገዛ ዕቃ ልኩን ስቶ ቢመጣ መልሶ ለመቀየር አስቸጋሪ ይሆናል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በመጠኑ ነው። ትልቅ ሰዓት የክብር ምልክት ተደርጎ የሚታየው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ስፋቱ 37 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ 2.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሽጧል።

ልክ ለማወቅ የእጅ አንጓን በክር ዙሮ ክሩን በማስመሪያ መለካት ይበቃል። ዙሪያው ከ16 እስከ 17 ሴንቲ ሜትር ለሆነ እጅ ከ36 እስከ 39 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሰዓት ብዙውን ጊዜ ይስማማል። ከስፋቱ ይልቅ የሚያሳስተው ርዝመቱ ነው፤ ይኸውም ማሰሪያው ከሚገባባቸው ጫፎች ከላይኛው እስከ ታችኛው ያለው ርቀት ነው። ሻጩ ይህን ቁጥር እንዲናገር መጠየቅ፣ በዚያው ርዝመት ካርቶን ቆርጦ በአንጓው ላይ ማስቀመጥ ይገባል። ካርቶኑ ከአንጓው ጠርዝ ካለፈ ሰዓቱ ትልቅ ነው። ውፍረቱ ከ13 ሚሊ ሜትር የሚያልፍ ሰዓትም የሸሚዝ እጅጌ ውስጥ አይገባም፤ ቡና ሲለቀም ቅርንጫፍ ላይ ይጋጫል። ለገዢው ዘመድ እነዚህን ልኮች ጽፎ መላክ ከብዙ ፎቶግራፍ ይሻላል።

ኢሉ አባ ቦር ዝናብ የሚበዛበት አካባቢ ነው። የቆዳ ማሰሪያ በእርጥበትና በላብ ቶሎ ስለሚበላሽ የብረት ማሰሪያ ይመረጣል። «30 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ሰዓቱ ለዋና ይሆናል ማለት አይደለም፤ የሚችለው ፍንጣቂን ብቻ ነው። ዝናብና እጥበት ለማይቀርበት ሰው 100 ሜትር የተጻፈበትን፣ ማዞሪያው ተጠምዝዞ የሚዘጋውን መውሰድ ያዋጣል።

የቀን ቁጥር ያለው ሰዓት ለኢትዮጵያዊ ሌላ ሥራ አለው። ሰዓቱ በአገራችን አቆጣጠር ሲሞላ ቀኑ የሚቀየረው ንጋት 12 ሰዓት ወይም ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው። ምሽት ላይ ከተቀየረ ዘንጎቹን 12 ሰዓት ወደፊት ማዞር ያስተካክለዋል። ቁጥሩ እስከ 31 ስለሚቆጥር በየወሩ መጨረሻ አንድ ቀን ማሳለፍ፣ በጳጉሜን ደግሞ እንደገና ማስተካከል ግድ ነው። ዘንጎቹ በ9 እና በ3 መካከል ባሉበት ጊዜ ቀኑን በማዞሪያው መቀየር የውስጥ ጥርሶቹን ሊሰብር ይችላል። ወሩን ራሱ ለሚያውቅ ውድ ሰዓት ተጨማሪ መክፈል ደግሞ ብዙም አይጠቅምም፤ የሚያውቀው የፈረንጆችን ወር ነው።

ወደ ግዢው ሲመጣ፣ ጎብኚ የከፈለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ በአየር ማረፊያ ሊያስመልስ ይችላል። ታክሱ በስዊዘርላንድ 8.1 በመቶ፣ በተባበሩት የዓረብ ኤምሬትስ 5 በመቶ ነው። ብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ይህን ለጎብኚዎች አቁማለች። መብቱ የጎብኚ እንጂ የነዋሪ ስላልሆነ፣ እዚያው የሚኖረው ልጅ ሲገዛ ሂሳቡ ይለያል።

ፋብሪካው ከፈቀደለት መደብር መግዛት፣ የዋስትና ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ሰዓቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር መግጠሙን ማየት አስፈላጊ ነው። ሮሌክስ ለአዲስ ሰዓቶቹ የ5 ዓመት ዋስትና ይሰጣል። ያገለገለ ሰዓት ሲሆን የባለቤትነት ወረቀቱ ከሰዓቱ እኩል ይፈተሻል፤ የንጉሡ ሰዓት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 ለጨረታ ቀርቦ በባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ከሽያጭ ወጥቶ ነበር። ከማሰሪያው ላይ የተነሡ የብረት ቁርጥራጮችም ከሣጥኑና ከደረሰኙ ጋር መምጣት አለባቸው፤ ደረሰኙ ቦሌ ላይ ለጉምሩክ ሠራተኛ ይታያል።