የሻወር ማብሪያው ለምን ይቀልጣል?

እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ተራራ ወደ ፍልውሃ ያወረዳቸው ሙቅ ውሃ ነው፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ለመቆርቆሯም አንዱ ሰበብ ይኸው ነበር። ዛሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ጉራራ የሚኖር ሰው ገላውን ለመታጠብ ፍልውሃ መውረድ አይጠበቅበትም፤ የኤሌክትሪክ ሻወር ግድግዳው ላይ ሰቅሏል። ለሐምሌ ብርድ ትልቅ ጸጋ ነው፣ ማብሪያ ማጥፊያው መሽተት እስኪጀምር ድረስ።

ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ኮረንት በብዛት ከሚበሉት አንዱ ሻወሩ ነው። 4,400 ዋት የሚል ሻወር በ220 ቮልት 20 አምፒር ይስባል። ይህን ሁሉ በልቶም በደቂቃ ሦስት ሊትር የሚፈስን ውሃ የሚያሞቀው በ21 ዲግሪ ገደማ ነው። ተራ የመብራት ማብሪያ ግን ብዙውን ጊዜ የተሠራው ለ10 አምፒር ነው፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ የሚያነበው የለም እንጂ።

ማብሪያው ውስጥ ሁለት የብረት ነጥቦች በሞላ ተገፍተው ይገናኛሉ። በበራና በጠፋ ቁጥር የሚፈጠረው ብልጭታ ገጻቸውን ይበላዋል፣ ጥላሸትም ያለብሰዋል። ኮረንቱን የሚያግደው ሬዚስታንስ እዚያች ነጥብ ላይ 0.1 ኦም ቢደርስ፣ 20 አምፒር ሲያልፍበት 40 ዋት ሙቀት ይወጣል። ሬዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት መበየጃም ኃይሉ ይኸው ነው። ሙቀቱ ሞላውን ያላላዋል፤ ሞላው ሲላላ ንክኪው ይሳሳል፤ የሳሳ ንክኪ ደግሞ የባሰ ይግላል።

ከፍታውም የራሱን ይጨምራል። የቤት ብሬከር የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያስበው እስከ 2,000 ሜትር ያለውን ነው። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀትን እንደልብ አያነሳም። ለብቻው ጉዳት ባያደርስም ጠርዝ ላይ ላለ ማብሪያ ደግ አይደለም።

ታዲያ ሰው ምን ያደርጋል? የተሰነጠቀውን በናስትሮ ይጠቀልላል። ናስትሮ ኮረንት ይከላከላል እንጂ ሙቀት አይከላከልም፤ ጭራሽ አፍኖ ይይዘዋል። ሌላው ማብሪያውን አውጥቶ ሽቦዎቹን በመጠምዘዝ «ዳይሬክት» ያደርገዋል። ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ ብሎ በትልቅ የሚቀይርም አለ። ከሦስቱ የከፋው ይኸኛው ይመስለኛል፤ ቃጠሎውን ከማብሪያው ወደ ግድግዳው ውስጥ ሽቦ ያዛውረዋልና።

በጣም የሚገርመኝ ግን ሻወሩ ሆድ ውስጥ የሚሠራው ብልሃት ነው። በብዙዎቹ ሻወሮች ውስጥ በውሃ ግፊት ተነስቶ ኮረንቱን የሚያገናኝ ጎማ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሻወሩ የሚቀዳው ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ ነው። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ብቻ ስለሆነ ጎማው አንዳንዴ አይነሳም። ጠጋኙ ታዲያ አንድ ነገር ሸጉጦ ቀና ያደርገዋል። ሻወሩ ይሠራል፤ ውሃው ሲቋረጥም መሥራቱን አይተውም፣ የኒክሮም ጥቅልሉ በደረቁ ይግላል። ሮቶውን ከፍ ማድረግ ወይም ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ሻወር መግዛት ይሻል ነበር።

ሲገጣጠም ፌዝና ኒውትራል ከተቀያየሩም ማብሪያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ይሆናል፤ ሻወሩ ጠፍቶ ውስጡ 220 ቮልት ይጠብቃል። የራሰ ሰው ሬዚስታንስ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። ይህ 220 ሚሊአምፒር ማለት ነው። ከ10 ሚሊአምፒር ጀምሮ ጡንቻ ተጨማዶ የጨበጡትን መልቀቅ ሊያቅት ይችላል፤ ከ30 በላይ ሆኖ ከቆየ ልብ ምቱን ሊስት ይችላል። ባለ 32 አምፒር ብሬከር ይህን አያየውም፤ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሰውን የሚጠብቀው 30 ሚሊአምፒር ሲፈስ የሚቆርጠው፣ «ቴስት» የሚል ቁልፍ ያለው መሣሪያ ነው፣ ከመሬት ሽቦው ጋር። የእንጦጦ አለታማ መሬት በበጋ ሲደርቅ ኮረንት በቀላሉ ስለማይቀበል የመሬቱ ዘንግ መቀበሩ ብቻ አይበቃም፤ በመሣሪያ ይለካ።

ማብሪያዎ ከሞቀ፣ ከሸተተ ወይም ውሃው ከነዘረዎት ብሬከሩን ያውርዱና ሻወሩን ይተዉት። የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለው ኤሌክትሪሻን ሲጠሩ ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ባለ 32 አምፒር ማብሪያ ከመታጠቢያ ክፍሉ ውጭ እንዲገጥምልዎት፣ ሽቦውም 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይጠይቁት። እስኪመጣ ድረስ ውሃውን በድስት ያሙቁ።