ለእናት መታሰቢያ የተጀመረው የብስክሌት ጉዞ

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ የፈረንጆቹ ኦገስት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ፣ በእኛ ሐምሌ ማብቂያ ገደማ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በማለዳ ብስክሌታቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ወጣቶች አሉ፤ ፀጉራቸው የሸበተ አያቶችም አሉ። አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ የእናታቸውን፣ የወንድማቸውን ወይም የልጃቸውን ፎቶግራፍ ለጥፈዋል። ረጅሙን መንገድ የመረጡት በሁለት ቀን ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ። ውድድር ስላልሆነ አንደኛ ለወጣ የሚሰጥ ሽልማት የለም።

ጉዞው «ፓን-ማስ ቻሌንጅ» ይባላል። መነሻው አንድ ቤተሰብ ላይ የደረሰ ኀዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ቤቲ ስታር የተባሉ እናት ሜላኖማ በሚባለው የቆዳ ካንሰር አረፉ። ልጃቸው ቢሊ ያን ጊዜ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር። እናቱን የቀበረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ኀዘን ይበልጥ የሚከብደው ድንኳኑ ተነሥቶ፣ ዘመድ አዝማዱ ወደየቤቱ ሄዶ፣ ቤቱ ጭር ሲል ነው። ቢሊ ብስክሌት መንዳት ይወድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ወዳጅ ዘመዶቹን አሰባስቦ፣ ከስፕሪንግፊልድ ከተማ ተነሥተው አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር እስካለችው ፕሮቪንስታውን ድረስ ነዱ። ነጂዎቹ 36 ነበሩ። ያሰባሰቡትን 10 ሺህ 200 ዶላር ቦስተን ለሚገኘው ለዳና-ፋርበር የካንሰር ተቋም ሰጡ።

የተቋሙ መሥራች ዶክተር ሲድኒ ፋርበር ናቸው። እርሳቸው በ1940ዎቹ ሥራቸውን ሲጀምሩ፣ የደም ካንሰር ለያዘው ሕፃን ወላጅ ሐኪም የሚሰጠው ተስፋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1948 ፋርበር በአንዳንድ ሕፃናት ላይ በሽታው በመድኃኒት ለጊዜው ሊያፈገፍግ እንደሚችል አሳዩ። ዛሬ ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች ይህ በሽታ ከሚይዛቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ይድናሉ። ለዚህ ያበቃው የብዙ ዓመት ምርምር ነው፤ ምርምር ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል።

ቃል የገባ ይከፍላል

በጉዞው ለመሳተፍ ጉልበት ብቻ አይበቃም። ረጅሙን መንገድ የሚነዳ ሰው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ለማሰባሰብ ቃል ይገባል። ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ ይጽፋል፤ ስለ ማን ብሎ እንደሚነዳም ይነግራቸዋል። ቃል የገባውን ካልሞላ የጎደለውን ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ነጂዎቹ ያሰባሰቡት ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ለተቋሙ ይገባል፤ የዝግጅቱ ወጪ የሚሸፈነው ከመመዝገቢያ ክፍያና ከስፖንሰሮች ነው። በ36 ሰዎች የተጀመረው ጉዞ አሁን ከ6 ሺህ በላይ ነጂዎች አሉት። እስከ 2024 ድረስ የተሰበሰበው ገንዘብም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር አልፏል።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነው። ከስተርብሪጅ የሚነሡት ቦርን ከተማ ለማደር ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳሉ። በጎ ፈቃደኞች በየማረፊያው ውሃና ምግብ ያቀርባሉ፤ የአካባቢው ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ያጨበጭባል። በርካታ ቡድኖች በተቋሙ ከሚታከም አንድ ሕፃን ጋር ይተዋወቁና በእርሱ ስም ይነዳሉ። ከካንሰር ድነው ራሳቸው ፔዳል የሚረግጡም ብዙ ናቸው። ዳገት ላይ ጉልበቱ ለከዳው ሰው ከጎኑ እንዲህ ያለ ጓደኛ ሲያገኝ መውረድ ይከብደዋል።

በማግስቱ ማለዳ ትልቁን ድልድይ ተሻግረው ኬፕ ኮድ ይገባሉ። ከዚያ በባሕሩና በአሸዋው ክምር መካከል ነድተው ፕሮቪንስታውን ይደርሳሉ። እዚያ ቤተሰብ ይጠብቃል፤ ይተቃቀፋሉ፤ ብዙዎችም ያለቅሳሉ።

ሰኞ ቤታቸው ሲመለሱ የሞተው ሰው ወንበር እንደ ባዶ ነው። ብስክሌት ኀዘንን አያስቀርም። ይሁን እንጂ ኀዘንተኛው በየዓመቱ የሚጠብቀው ቀን፣ የሚሠራው ሥራና አብሮት የሚደክም ሰው አግኝቷል። የእኛ አባቶችና እናቶች አርባውን፣ ሰማንያውንና ሙት ዓመቱን ሲያስቡ፣ በሟች ስም ድሃ ሲያበሉ፣ ዕድርተኛውን ሲሰበስቡ የሚያደርጉት ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ልጆችስ?

በእኛ ቤት ሰው ሲሞት ልጆችን ወደ ጎረቤት መላክ የተለመደ ነው። አያቱ «ሩቅ አገር ሄደዋል» የተባለ ልጅ ግን ጥያቄው ውስጡ ይቀራል፤ እንባውንም ለብቻው ያፈሳል። በማሳቹሴትስ ለሕፃናት የሚሆን አጭር ጉዞ ተዘጋጅቶላቸዋል፤ በትንንሽ ብስክሌቶቻቸው እየነዱ ለዚያው ተቋም ገንዘብ ያሰባስባሉ። ብስክሌት የሌለው ልጅም ቢሆን ለአያቱ መታሰቢያ ሻማ ሊገዛ፣ ለእንግዶች ውሃ ሊያቀርብ፣ ከኪስ ገንዘቡ ጥቂት ሊያስቀምጥ ይችላል። አቅሙን የሚመጥን ሥራ ሲሰጠው እርሱም ከኀዘንተኞቹ አንዱ መሆኑ ታወቀለት ማለት ነው።

ኀዘናቸውን ለሌላው መጠለያ ያደረጉ ወላጆች በአገራችንም አሉ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተሰየመው በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም ነው። የመሠረቱት ወላጆቹ ናቸው፤ ማኅበሩም ለሕክምና ከክፍለ አገር አዲስ አበባ የሚመጡ ሕሙማንን ያሳርፋል። ማቲዎስን ያላዩት እናቶች ልጃቸውን አቅፈው በእርሱ ስም በተሠራ ቤት ያድራሉ።

በቤታችሁ የሚመጣው ሙት ዓመት የማን ነው? ከድግሱ ወጪ ጥቂቱን ቀንሳችሁ፣ ያ ሰው ባረፈበት በሽታ ለሚታከም አንድ ሕመምተኛ የመድኃኒት ወይም የትራንስፖርት መግዣ ብታደርጉትስ? ስትሰጡም የልጅ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ገንዘቡን የሚሰጠው እርሱ ይሁን፤ ስለ ማን እንደተሰጠም ስሙን እርሱ ይጥራ።