ገንዘቡ መጣ፤ ፈራሚው ማን ነው?

የወረርሽኝ ድጎማ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው “ስንት ተሰጠ?” ብሎ ነው፡፡ የሕግ ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሰው ግን አስቀድሞ “የሚፈርመው ማን ነው?” ይላል፡፡ ሴንት ሉዊስ የምትባለው የአሜሪካ ከተማ የገጠማት ነገር ይህንኑ ጥያቄ ጥሩ አድርጎ ያስረዳል፡፡

ፕሬዚዳንት ባይደን እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2021 የፈረሙት የ1.9 ትሪሊዮን ዶላር ሕግ ለስቴቶች፣ ለካውንቲዎች፣ ለከተሞችና ለመሰል የአካባቢ መንግሥታት 350 ቢሊዮን ዶላር መድቧል፡፡ የትልልቆቹ ከተሞች ድርሻ የተሰላው ቀድሞ በነበረ የማኅበረሰብ ልማት ድጎማ ቀመር ነው፡፡ ቀመሩ ድህነትንና የቤቶችን ዕድሜ ስለሚቆጥር፣ ነዋሪ የሸሻቸው አሮጌ ከተሞች ዳጎስ ያለ ገንዘብ ደረሳቸው፡፡ 1.6 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ፊኒክስ 396 ሚሊዮን ዶላር ስታገኝ፣ በ2020 ቆጠራ 301 ሺሕ ገደማ ነዋሪ የነበራት ሴንት ሉዊስ 498 ሚሊዮን ዶላር ያህል አገኘች፡፡ (ሴንት ሉዊስ ከካውንቲው የተለየች ከተማ በመሆኗ የከተማም የካውንቲም ድርሻ ወስዳለች፡፡)

ገንዘቡ ልጓም አለው፡፡ ወረርሽኙ በጤናና በኑሮ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለመጠገን፣ በአደጋው ወቅት ሥራ ላይ ለቆዩ ሠራተኞች ተጨማሪ ክፍያ ለመስጠት፣ ለውኃ፣ ለፍሳሽና ለኢንተርኔት መስመር ይውላል፤ የጡረታ ፈንድ ውስጥ ማስገባት ግን ክልክል ነው፡፡ ሰፊው በር “በወረርሽኙ የቀረ ገቢ መተኪያ” የሚለው ነው፡፡ በዚህ ስም የተያዘ ገንዘብ ለአብዛኛው መደበኛ የመንግሥት አገልግሎት መዋል ይችላል፡፡ ስለዚህ አንድ ከተማ ገንዘቡን በየትኛው መደብ እንደሚመዘግብ መወሰኑ የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡

ወደ ፊርማው እንመለስ፡፡ በሴንት ሉዊስ ገንዘብ የሚያወጣ ረቂቅ ሦስት አባላት ያሉትን የግምትና የምደባ ቦርድ ማለፍ አለበት፡፡ አባላቱ ከንቲባው፣ የሒሳብ ተቆጣጣሪውና የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ሦስቱም በየፊናቸው በሕዝብ የተመረጡ ስለሆኑ አንዱ የሌላው አለቃ አይደለም፡፡ በ2021 ክረምት ምክር ቤቱ የ168 ሚሊዮን ዶላር ረቂቅ አጸደቀ፡፡ በውስጡ በፕሬዚዳንቱ በሉዊስ ሪድ ግፊት የገባ፣ ለሰሜኑ የከተማው ክፍል የንግድ ጎዳናዎች ልማት የሚውል 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር፡፡ ሰሜኑ ጥቁሮች የሚበዙበት፣ ለዘመናት የተዘነጋ ክፍል ነው፡፡ ከንቲባ ቲሻውራ ጆንስ፣ ራሳቸው ጥቁር ሲሆኑ፣ ያንን መስመር ለይተው ሰረዙት፤ ምክንያታቸው የፌዴራሉን ግምጃ ቤት ደንብ አያሟላም የሚል ነበር፡፡ የቀረውን 135 ሚሊዮን ፈረሙ፤ ለችግረኛ ነዋሪዎች የታሰበው የ500 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ከዚሁ ነው የወጣው፡፡

በእኔ ግምት ከንቲባዋ እንደ ሕግ ሰው አስበዋል፡፡ ያለ አግባብ የወጣ ገንዘብ በፌዴራሉ መንግሥት ተመላሽ ሊጠየቅ ይችላል፤ ያኔ ዕዳው በከተማው ላይ ይወድቃል፡፡ ነገር ግን የዚያን ጊዜው ደንብ ጊዜያዊ እንደነበር መዘንጋት የለበትም፡፡ የመጨረሻው ደንብ በጃንዋሪ 2022 ወጥቶ ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ፡፡ በዚያው ዓመት ለሰሜኑ ክፍል 37 ሚሊዮን ዶላር የሚመድብ ሌላ ሕግ ጸደቀ፡፡ በመካከሉ አንድ ዓመት ሄዷል፤ በሩን ለመዝጋት አፋፍ ላይ ላለ ባለሱቅ ደግሞ አንድ ዓመት ብዙ ነው፡፡

የጊዜው ነገር ሌላም ፈተና ነበረው፡፡ ከተሞች እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ድረስ በውል ወይም በመሰል ግዴታ ያላሰሩትን ገንዘብ መመለስ ነበረባቸው፤ የታሰረው የሚከፈልበት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ነው፡፡ በምክር ቤት ድምፅ መመደብ ብቻውን ማሰር ተብሎ አይቆጠርም ነበር፤ ውል ወይም መሰል ግዴታ ያስፈልግ ነበር፡፡