የተሰበረው ድሮን ባትሪ እህቴ ቤት ሲገባ

ባለፈው ዓመት ከልጄ ጋር የምናበርረው ማቪክ ፕሮ ድሮን ዛፍ ገጭቶ ወደቀ። ማሠሪያው ከዋጋው ስለማይተናነስ ተውኩት፤ ሦስቱ ባትሪዎች ግን ይሠራሉ። በዚያው ሰሞን አዳማ ያለችው እህቴ ደውላ «መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም አብሮ ይጠፋል፤ ሥራዬ መሐል ላይ ይቀራል» አለችኝ። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነውና ማታ ማታ ከሥራ መልስ ማገናኛ ልሠራላት ተቀመጥኩ።

አንዱ ባትሪ 11.4 ቮልት፣ 43.6 ዋት ሰዓት ነው። የእሷ ራውተር በ12 ቮልት 10 ዋት ያህል ይፈልጋል። የሚባክነው ሲቀነስ ከሦስት ሰዓት በላይ ያቆየዋል።

ችግሩ ባትሪው ከዚያ ድሮን በቀር ከምንም ጋር አለመግጠሙ ነው። ስለዚህ መቀበያውን ከተሰበረው ድሮን ላይ ፈትቼ አወጣሁት። ኃይል የሚያስተላልፉት ወፍራሞቹ ጥርሶች ናቸው፤ ቀጫጭኖቹ ባትሪውና ድሮኑ መረጃ የሚለዋወጡባቸው ስለሆኑ አይነኩም። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ በቴስተር ይለያል። እኔ የመጀመሪያው ማታ በድካም አገላብጬ አንድ መቀየሪያ አቃጥያለሁ።

ባትሪው ሲሞላ 13.05 ቮልት ይደርሳል፤ ሲጎድል ደግሞ ከ12 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ቮልቴጁን ዝቅም ከፍም የሚያደርግ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ ዝቅ ብቻ የሚያደርገው አይበቃም። በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ የ3 አምፔር ፊውዝ አስገባሁ።

ባትሪውን ከፍቶ ሽቦ መበየድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከመጠን በላይ እንዳይራገፍ የሚጠብቀው ሰርኪዩት ውስጡ አለና። መሙላትም በራሱ ቻርጀር ብቻ ነው፤ ማገናኛው ኃይል ማውጫ እንጂ ማስገቢያ አይደለም።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ድሮኑ ሲወድቅ ውስጡ የነበረው ባትሪ ነበር። ሲታይ ደህና ነው፤ አላበጠም፣ አልተሰነጠቀም። ሆኖም ሊቲየም ባትሪ ሲመታ ውስጡ የደረሰው ጉዳት ዘግይቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሦስቱንም ብልክላት ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ልጆቿ የሚተኙበት ቤት ነው። እሱን ለአሮጌ ባትሪ ሰብሳቢዎች አስረከብኩ።

ሁለቱን ዘመዳችን ይዞላት ገባ። ከ100 ዋት ሰዓት በታች ስለሆኑ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳሉ፤ በሚጫነው ሻንጣ ግን ክልክል ነው። ጥርሶቻቸውን በፕላስተር ሸፍነን፣ ማገናኛውን ለብቻው አደረግን።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ ጻፍኩላት፦ «ተኝታችሁ አትሙሉት። ካበጠ ወይም ከጋለ ነቅለሽ ውጭ አውጪው።» ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።